ስለ ውዳቂ ዕቃና ስለ ሥነ ጥበብ ገበያ

የቆርቆሮ ጣሳ ኩራዝ፥ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ሲሸጥ ማየት ለደብረ ማርቆስ ነጋዴ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚለቅመው አሮጌ ብረት፥ ጠርሙስና የተበላሸ ራዲዮ ሁሉ ገዢ አለው። ነገር ግን ይህ ዕቃ ተደባልቆና ተሰባብሮ በኪሎ የተሸጠ እንደ ሆነ ዋጋው ከብረትነቱ አያልፍም። ያው ዕቃ መልኩን እንደ ያዘ በየዓይነቱ ቢለይ ሌላ ገዢ ሊያገኝ እንደሚችል ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን።

ለዚህ አብነት የሚሆኑት ሠዓሊው አቶ ኤልያስ ስሜ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁት እኚህ ሰው ቀደም ሲል ቁልፍ፥ ቆርኪና ክር በጨርቅ ላይ እየሰፉ ይሠሩ ነበር። በኋላም መርካቶ ወርደው፥ በተለይም ከምናለሽ ተራ፥ ያረጀ የኮምፒዩተር ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዙ ማከማቸት ጀመሩ። ሽቦውን ከነቀለሙ እየጎነጎኑ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ያያይዙታል። ባለሙያ ሴት አክርማዋን ቀለም ነክራ ሞሰብ ስትሰፋ ያየ የጎጃም ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ልዩነቱ በአክርማው ፈንታ ሽቦ መግባቱ ነው። አንዳንዱ ሥራ ከሩቅ ሲታይ በጤፍና በኑግ ማሳ የተከፋፈለ አገር ይመስላል።

ይህን የሚፈልግ ማን ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ፥ በ2022ም በቬኒስ ታላቅ ትርኢት ቀርበዋል፤ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም በስብስቡ ውስጥ ይዟቸዋል። አስመጪዎችና ላኪዎች ሊያስተውሉት የሚገባው፥ ዕቃው አስቀድሞ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የገባ፥ አገልግሎቱንም ጨርሶ የተጣለ መሆኑን ነው፤ በእጅ ጥበብ ተለውጦ ዳግመኛ ባሕር ተሻገረ። ለብዙ ዘመን በናይጄሪያ የሠሩት የጋናው ተወላጅ ኤል አናትሱይም የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዙ ግድግዳ የሚሸፍን መጋረጃ ይሠራሉ፤ በ2015 የቬኒስን የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀብለዋል።

እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለው ገዢ ጥቂት ነው፤ ማንም ባለሱቅ በዚህ ብቻ ቤቱን አያስተዳድርም። ሆኖም መዳቡን ለማውጣት ሲባል ሽቦን ማቃጠል ጨርሶ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። የፕላስቲኩ ልባስ ሲነድ የሚወጣው ጢስ መርዝ ስለ ሆነ አቃጣዩንም ጎረቤቱንም ይጎዳል፤ ሠዓሊው የሚፈልገውም ቀለም አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ዕቃ በደንቡ ተሰብስቦ መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የመለየት ሥራ ገና ሰፊ ቦታ አለው።

ነገሩ በሽቦም የሚያበቃ አይደለም። አቶ ኤልያስ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው የመሠረቱትና በ2019 በአዲስ አበባ በመካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው የታነጸው ከጭቃና ከጭድ ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦና አብላልቶ መለሰን በጎጃም ገጠር ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ሙያ ነው። በዞማ ግን በግድግዳው ላይ በእጅ የተቀረጸ ጌጥ ተጨምሮበታል፤ ጎብኚውም ይህንኑ የጭቃ ግድግዳ ለማየት የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ይገባል።