ግብር የማይከፍል አረጋዊን የሚዘለው ቅናሽ

በካናዳ አረጋውያን ተጎድተው ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው መውደቅ ነው፤ ብዙዎቹም የሚወድቁት በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነው። በፈረንጆች 2016 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል መንግሥቱ የቤት ተደራሽነት የግብር ቅናሽ የሚያቃልለው ይህንን ችግር ነው። ዕድሜው 65 የሞላ ወይም ለአካል ጉዳተኞች ለሚሰጠው የግብር ቅናሽ ብቁ የሆነ ሰው ለዊልቸር መወጣጫ ቢያሠራ፣ በር ቢያሰፋ፣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእጅ መደገፊያ ቢያስተክል ወይም ገንዳውን አስነቅሎ በቀላሉ የሚገባበት ሻወር ቢያሠራ፣ በዓመት እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ወጪ ይቆጠርለታል። ጣሪያው እስከ 2021 ድረስ 10,000 ነበር። ሥራው ከቤቱ ጋር ተያይዞ የሚቀር መሆን አለበት። ስለዚህ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና የጽዳት ክፍያ አይካተቱም። ሥራውን የሠራው ዘመድ ከሆነም፣ ለሽያጭ ግብር ካልተመዘገበ በቀር፣ የተከፈለው የእጅ ዋጋ አይያዝም፤ በእኛ ማኅበረሰብ ብዙዎችን የሚያስተው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ ስሌቱ ላይ ነው። በ2026ቱ የ14 በመቶ ምጣኔ 20,000 ዶላር ያወጣ ሰው የሚቀነስለት 2,800 ዶላር ነው፤ ያም የሚቀነሰው ካለበት ግብር ላይ ብቻ ነው። በመንግሥት የእርጅና ጡረታና በዝቅተኛ ገቢ ድጎማ የሚኖር አረጋዊ አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራል ግብር ስለማይኖርበት፣ እጁ የሚገባ ነገር የለም። አብሮት የሚኖረውና የሚጦረው ልጅ በራሱ ግብር ላይ ሊያስቀንስ ይችላል የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፤ የታላላቆቻችን መጦሪያ ልጅ በሆነበት ቤት ይጠቅማል፤ ጧሪ ለሌለው ግን መልስ አይሆንም።

ግብር ላልከፈለ ሰው ገንዘብ መመለስ ለማጭበርበር በር ይከፍታል የሚሉም አሉ። ደረሰኝ ግን በሁለቱም መንገድ ይጠየቃል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለተመሳሳይ ሥራ ከ10,000 ዶላር ወጪ 10 በመቶውን፣ ማለትም እስከ 1,000 ዶላር፣ ግብር ለሌለበትም የሚመልስ ቅናሽ አውጥታለች። መጠኑ ያንሳል፤ ድሃውን ግን አይዘልም። እርግጥ በቅድሚያ ማውጣት የማይችል ሰው በዚህም አይረዳም፤ ለእርሱ የሚበጀው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ እርዳታ ነው። ቢሆንም የፌዴራሉ ቅናሽ ተመላሽ ቢሆን፣ ያለእርዳታም ቤቱን ሊያድስ ለሚችለው ባለገቢ ብቻ ሳይሆን ለችግረኛውም ይደርስ ነበር።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ፣ ወላጆቻችሁን አብራችሁ የምትጦሩ ከሆነ ለተቋራጩ ያለደረሰኝ አትክፈሉ።