«ውጪ» የሚለው ካርድ

በክረምቱ አንድ ሌሊት፣ አቃቂ በሰቃ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ዝናቡ ስለበረታ ቤት እንዲያድር የተደረገው ውሻ የሳሎኑን በር መቧጠጥ ጀመረ። ጥፍሩ በላሜራው ላይ ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። ልጁ ተነስቶ መብራት አበራና አያቱን ጠየቀ።

«እማማ፣ ምን ፈልጎ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! አፍ የለው፣ አይነግረን።»

የእራት ትራፊ ሰጡት፤ አሸተተና ተወው። ውኃ አቀረቡለት፤ ዞር ብሎም አላየው። ጅብ ሸቶት ይሆናል ብለው መቀርቀሪያውን አጠበቁ። ውሻው ትንሽ አለቃቀሰ፣ በሩን ደግሞ ቧጠጠ፣ በመጨረሻ ዝም አለ። ሲነጋ የሳሎኑ ጥግ ርሶ ተገኘ፤ ውሻውም በመጥረጊያ እየተባረረ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለዚያች አንድ ነገር ግን ቃል አልነበረውም።

ለውሻ ቃል መስጠት ይቻል እንደሆነ በቁም ነገር የጠየቀ ሰው አስቀድሞ ነበር።

ሰር ጆን ላቦክ ይባላል። እንግሊዛዊ የባንክ ባለቤትና የፓርላማ አባል ነበር። ልጅ ሳለ ቻርለስ ዳርዊን መጥቶ ጎረቤቱ ሆነና ተፈጥሮን መመርመር ከእሱ ተማረ። ከሥራ በተረፈው ጊዜ ጉንዳን ያረባል፤ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚግባቡ ይከታተላል። ስለ ጉንዳን፣ ስለ ንብና ስለ ተርብ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ታዲያ በዚያው ሰሞን ጥያቄው ከጉንዳኑ ወደ ቤት ውሻው ዞረ። ሰው ከጥንት ጀምሮ ውሻን «ና፣ ሂድ፣ ቁጭ በል» እያለ የራሱን ፍላጎት ሲያስተምር ኖሯል። ውሻው የራሱን የሚናገርበት መንገድ ግን ማን ሰጠው?

መልሱ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው፤ ዓይኗም ጆሮዋም ከጠፋ ከአንዲት ልጅ።

ላውራ ብሪጅማን እ.ኤ.አ. በ1829 አሜሪካ ተወለደች። በሁለት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ዓይኗንም ጆሮዋንም ወሰደባት። በ1837 ቦስተን ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስትገባ ዶክተር ሳሙኤል ሃው በማንኪያው፣ በቢላዋው፣ በቁልፉ ላይ በጣት የሚዳሰስ ፊደል ያለበት ወረቀት ለጠፈላት። ለሳምንታት ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አገጣጠመች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። አንድ ቀን በድንገት ፊቷ በራ። ወረቀቱ በልቧ ያለውን ለሌላ ሰው የምታሳይበት ምልክት መሆኑ ተገልጦላት ነበር።

ላቦክ ይህን ሲያስብ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። ቤቱ ውስጥ ቫን የሚባል ጥቁር ፑድል ውሻ አለ። በእሱስ ቢሞከር?

25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት የካርቶን ቁራጮች አዘጋጀ። በአንደኛው ላይ «ምግብ» ብሎ በትልልቅ ፊደል አተመ፤ ሌላውን ባዶ ተወው። ሁለት ትናንሽ ሳህኖችን በካርዶቹ ከደነና «ምግብ» በሚለው ሥር ብቻ ወተት የነካው ዳቦ አስቀመጠ። ቫን በላ። እንደገና፣ እንደገና፣ እስኪጠግብ ድረስ። ወደ አሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ሁለቱን ካርዶች መለየት ጀመረ። ከዚያ ካርዶቹ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በአፉ አንስቶ እንዲያመጣ ተደረገ። ባዶውን ካመጣ ላቦክ ሳይቆጣው መልሶ ይወረውረዋል፤ «ምግብ» የሚለውን ካመጣ ቁራሽ ዳቦ ይሰጠዋል። አንድ ወር ያህል ፈጀ።

ያ ግን ባዶውን ከታተመው መለየት ብቻ ነበር። ፈተናው የመጣው ላቦክ «ሻይ»፣ «አጥንት»፣ «ውኃ» እና «ውጪ» የሚሉ ካርዶችን ሲጨምር ነው፤ ለውሻው ምንም ትርጉም የሌላቸው ቃላትም ተቀላቀሉ። ቫን እዚህ ላይ ብዙ ቆየ። ቀስ በቀስ ግን ቃልን ከቃል እየለየ መጣ። ወጣ እንበል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከብዙዎቹ መካከል «ውጪ» የሚለውን በደስታ መርጦ ለጌታው ያመጣለታል፤ አንዳንዴም በአፉ እንደያዘው፣ ድል እንዳደረገ ሁሉ፣ በቀጥታ ወደ በሩ ይሮጣል።

ግን ያነበበው ፊደሉን ነበር ወይስ ሽታውን?

ላቦክ ጥርጣሬውን አልሸሸገም። አንድ ዓይነት ቃል የታተመባቸው ብዙ ካርዶች አሠራ። ቫን አንዱን ሲያመጣ ያው ካርድ አይመለስም፤ ሌላ አዲስ ይተካል፣ ከዚያም ሌላ። ለአንድ ማዕድ ብቻ 18 ወይም 20 ካርድ ያልቅ ነበር። ውሻው ብዙም አልተሳሳተም። በ12 ቀን ውስጥ በምግብ ሰዓት 113 ጊዜ ካርድ አመጣ፤ 80 ጊዜ «ምግብ»፣ 31 ጊዜ «ሻይ»። ሌላ ካርድ ያነሳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

ያልሆነለትም ነበር። ሰማያዊ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ካርዶችን ከመሰሎቻቸው ጋር እንዲያገጣጥም ሦስት ወር ደከመበት፤ ቫን እሺ አላለም። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ቤት ትርጉሙ «ትዕግሥት» የሆነ ስም የወጣላት የላቦክ ሚስት ውሻ ነበረች። ቫን ካርድ ሲያመጣና ዳቦ ሲቀበል በዓይኗ እያየች ኖራለች። አንድም ቀን ካርድ አንስታ አታውቅም። ማየት አላስተማራትም።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያስተምረው? በዚያው አገር ሎይድ ሞርጋን የተባለ ምሁር ውሻው ቶኒ የአትክልት ቦታውን የብረት በር ሲከፍት አየና ነገሩን ተከታተለው። ቶኒ ወደ መንገዱ ለማየት ጭንቅላቱን በብረቶቹ መካከል ያሾልክ ነበር። አንድ ቀን በአጋጣሚ ጭንቅላቱ ከመቀርቀሪያው ሥር ገባ፤ ቀና ሲል መቀርቀሪያው ተነሣ፣ በሩም ተከፈተ። ሳያመነታ በቀጥታ እዚያው ቦታ ሄዶ እስኪከፍት ድረስ ግን ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደበት። ያስተማረው ሰው የለም፤ ያስተማረው የበሩ መከፈት ነው።

የአቃቂው ልጅ ስለነዚህ ሰዎች አልሰማም። የሰማው የአያቱን ቃል ነው፤ «አፍ የለው» ያሉትን። የበግ ቃጭል ፈልጎ በሲባጎ ከበሩ እጀታ ላይ አንጠለጠለ፣ ልክ በውሻው አፍንጫ ቁመት። ውሻው ሊወጣ ሲል ሁሉ ልጁ መዳፉን ይዞ ቃጭሉን ያስነካዋል፤ ወዲያው ይከፍትለታል። መጀመሪያ ውሻው ድምፁን ፈርቶ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ልጁ ቃጭሉ ውስጥ ጨርቅ ወሸቀበትና ድምፁ ለዘብ አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል ውሻው ልጁ መዳፉን ካልያዘው በቀር ቃጭሉን ዞር ብሎም አላየውም። ልጁ ተስፋ ሊቆርጥ ደረሰ።

አንድ ምሽት ልጁ ሱቅ ተልኮ ሳለ ውሻው እንደ ልማዱ በሩን ሊቧጥጥ ተነሣ። መዳፉን ሲያነሣ ትከሻው ሲባጎውን ገፋው፤ ቃጭሉ ቅጭል አለ። አያትየው ከጀበናው ቀና ብለው ከፈቱለት። ውሻው ደጃፉ ላይ ቆሞ አንዴ በሩን፣ አንዴ ቃጭሉን አየ።

በማግስቱ ሌሊት ዝናቡ መጣ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት፣ ቃጭሉ አንድ ጊዜ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። ልጁ ከአልጋው ሳይነሣ አያቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እንግዳ እንደመጣባቸው ሰው፣ ወደ በሩ ሲያመሩ ሰማ።

«መጣሁ፣ መጣሁ!»