ጭስ ሽቅብ በማይወጣበት ቤት

ቁይ በምትባለው ከተማ ጠዋት እሳት ሲያያዝ ጭሱ በሳር ክዳኑ ሾልኮ ሽቅብ ይወጣል፤ ጎረቤትም ቤቱ መንቃቱን በዚያ ያውቃል። እሳት ከምድጃው ካለፈም አስቀድሞ የሚናገረው ያው ጭስ ነው። ሽቅብ የሚወጣውም የሞቀው አየር ስለሚቀል፣ ምድርም ከባዱንና ቀዝቃዛውን አየር ወደ ታች ስለምትስብ ነው። በከተማ ፎቆች ጭስ ጠቋሚ ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው ይህን ተማምኖ ነው።

ምድርን በሚዞር መንኮራኩር ውስጥ ይህ አይሠራም። መንኮራኩሩም ሰዎቹም አየሩም አብረው ስለሚወድቁ ቀላልና ከባድ አየር አይለይም። ነበልባል ክብ፣ ፈዛዛና ሰማያዊ ይሆናል፤ ጭሱም የሚገፋው ንፋስ ካላገኘ እዚያው እሳቱ ዙሪያ ያንዣብባል። ስለዚህ ጭሱን ሄዶ ወደ ጠቋሚው ማምጣት ያስፈልጋል።

ሰው ወደ ጨረቃ በተላከበት በአፖሎ ዘመን ጠቋሚው የጠፈርተኞቹ ዓይንና አፍንጫ ነበር። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. አፖሎ 1 ገና መሬት ላይ ሲፈተሽ ንጹሕ ኦክስጅን በሞላበት ክፍል እሳት ተነሥቶ ገስ ግሪሶም፣ ኤድ ኋይትና ሮጀር ቻፊ ሞቱ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ የውስጡም ግፊት የበረታ ስለነበር ጠቋሚ ቢኖር እንኳ የሚያድናቸው አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የመጣው ስካይላብ የተባለው የጠፈር ጣቢያ የነበልባልን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያይ መሣሪያ ተገጠመለት። ከሽፋን ጀርባ ነበልባል ሳያወጣ የሚጨስ ሽቦ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ አይታይም።

ዛሬ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የአሜሪካኖቹ ጠቋሚዎች በአየር ማዘዋወሪያው መስመር ላይ ተቀምጠዋል። በውስጣቸው የሌዘር ብርሃን ያልፋል፤ የጭስ ቅንጣት ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ ደወሉ ይጮሃል። ችግሩ አቧራም ብርሃን መበተኑ ነው። እዚያ ላይ አቧራ ወለል ላይ አያርፍም፤ ሲንሳፈፍ ውሎ ያድራል። በዚህ ምክንያት የሐሰት ደወል ጠፈርተኞቹን አስቸግሯል፤ ጠቋሚዎቹን በአቧራ መምጠጫ ማጽዳትም ከቤት ውስጥ ሥራቸው አንዱ ነው። የጭሱም ጠባይ ይለያል። ቅንጣቶቹ እሳቱ አጠገብ ስለሚቆዩ እርስ በርስ እየተጣበቁ ይተልቃሉ፤ በቀድሞዎቹ የሽትል መንኮራኩሮች የነበረው ዓይነት ጠቋሚ ደግሞ ትልልቁን ቅንጣት በደንብ አይለይም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጭሱን ወደ ጠቋሚው የሚያመጣው ማራገቢያ እሳቱንም አየር ይቀልበዋል። ስለዚህ ደወሉ እንደጮኸ ማራገቢያው ይጠፋል፤ እሳቱ ይራባል፣ ጠቋሚውም ከዚያ ወዲያ ብዙ አይነግርም። ቀሪውን ፍለጋ ሰዎቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ የእጅ መሣሪያ ይዘው ይቀጥላሉ።

የካቲት 16 ቀን 1989 ዓ.ም. ስድስት ሰዎች በነበሩበት የሩሲያ ሚር ጣቢያ ኦክስጅን የሚያመነጭ ቆርቆሮ ሲነድ ግን መሣሪያ አላስፈለገም፤ ቆርቆሮውን የለኮሰው አሌክሳንደር ላዙትኪን በዓይኑ አየው። እሳቱ ከሁለቱ የማምለጫ መንኮራኩሮች ወደ አንዱ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ነበር። ሁሉም ተረፉ።

የእኛም አየር መንገድ የተደበቀ እሳትን ያውቃል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ሎንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት የቆመው ቦይንግ 787 ከጣሪያው ሥር፣ ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሣበት። ጭሱን ያየው ከመቆጣጠሪያ ማማው የነበረ ሠራተኛ ነው። ጭሱ ሽቅብ ባይወጣ ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ናሳ ከ2008 እስከ 2016 ዓ.ም. ስድስት ጊዜ፣ ሰው በሌለባቸውና ሥራቸውን በጨረሱ የሲግነስ ዕቃ ጫኝ መንኮራኩሮች ውስጥ ሆን ብሎ እሳት ለኩሶ አጥንቷል። ጨረቃ ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል፦ ስበቷ የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ እዚያ ጭስ ሽቅብ ይወጣል፤ ግን በዝግታ። ለጠፈር ጣቢያው የተሠራው ጠቋሚም ሆነ የጣሪያው ጠቋሚ እንዳለ ተወስዶ እዚያ ሊገጠም አይገባም።