ሕጉ ከፈቀደ በኋላ፦ በአርባ ምንጭ የአየር መስመር ውድድር ያልታየባቸው ምክንያቶች

ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ያለው የአየር ርቀት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። የየብሱ መንገድ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል 450፣ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ በሆነበት መስመር ከአንድ በላይ አጓጓዥ ይኖራል ተብሎ ቢጠበቅም፣ መደበኛውን የመንገደኛ በረራ ለረዥም ዘመን ብቻውን ይዞ የኖረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ሕጉ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የግል ባለሀብት ሊያሰማራ የሚችለው አውሮፕላን የመቀመጫ ጣሪያ 20 ነበር። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 769/2004 ለመንግሥት ብቻ የከለለው ከ50 በላይ መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። አዋጅ ቁጥር 1180/2012ን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 474/2012 ደግሞ የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ እስከ 49 በመቶ ድርሻ በመያዝ በአገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት እንዲሠማራ ፈቅዷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በማላዊ አየር መንገድ ውስጥ የያዘው ድርሻ ይኸው 49 በመቶ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወሱ አይከፋም።

የ50 መቀመጫው ጣሪያ የግሉን ዘርፍ የሚያቀጭጭ ክልከላ ተደርጎ ሲተች ቆይቷል። ትችቱ ተጓዥ ለሚበዛባቸው መስመሮች፣ ለምሳሌ ለባሕር ዳር ወይም ለመቀሌ፣ ይሠራል፤ ለአርባ ምንጭ ግን ሒሳቡ ይለያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮች ያሰማራው ኪው 400 አውሮፕላን ከ70 በላይ መቀመጫ አለው። በአንድ በረራ 40 ተጓዥ ብቻ ቢገኝ በ50 መቀመጫ አውሮፕላን 80 በመቶ ሙላት ነው፤ በኪው 400 ግን ከግማሽ እምብዛም አይዘልም። ስለዚህ ትንሹ አውሮፕላን የቀኑን ተጓዥ ለሁለት ከፍሎ ጠዋትና ማታ መብረር ይችላል። ለስብሰባ ወይም ለፈተና ሥራ ወደ ዩኒቨርሲቲው ለሚመላለስ ባለሙያ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ መቻል ከትኬት ቅናሽ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ሕጉ ለግል ባለሀብቱ የተወለት የአውሮፕላን መጠን በአጋጣሚ ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር የሚስማማው ነው።

ሆኖም እንደ አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎት፣ ትራንስ ኔሽን ኤርዌይስና ናሽናል ኤርዌይስ ያሉ የግል ድርጅቶች በአብዛኛው የታወቁት በቻርተር በረራ ነው። እንቅፋቱን ከመቀመጫ ቁጥር ውጭ መፈለግ ያስፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር በመዋሐዱ፣ አዲስ ገቢ ማረፊያውንና የምድር አገልግሎቱን የሚያገኘው ከተወዳዳሪው እጅ ሆኗል። አውሮፕላን የሚገዛውም ሆነ የሚከራየው በዶላር ሲሆን የአገር ውስጥ መንገደኛ የሚከፍለው በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ በመውረዱ ይህ ጫና እጅግ ከብዷል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ከተጓዦቹ ማንነት የሚነሣው ነው። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን፣ የዶርዜን መንደሮችና የኮንሶን እርከኖች ለማየት የሚመጣ የውጭ ጎብኚ ወደ አገር የገባው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ ያገኛል። ዓለም አቀፍ መስመር የሌለው የግል ድርጅት ይህን መስጠት አይችልም። ለትልቁ አየር መንገድ የአርባ ምንጭ በረራ ከፍራንክፈርት ወይም ከሮም የተነሣ ጉዞ ጭራ ሊሆን ይችላል፤ በረራው ለብቻው ባያተርፍ እንኳ የረዥሙን ጉዞ ትኬት ይሸጥለታል። ተወዳዳሪው ግን በዚያችው በአንድ ሰዓቷ በረራ ገቢ ብቻ መኖር አለበት። የመቀመጫ ጣሪያውን ማንሣት ይህን አይለውጠውም።

በመስመሩ ላይ እውነተኛ ፉክክር የታየው በአየር መንገዶች ሳይሆን በማረፊያዎች መካከል ነው። ቀድሞ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚሄድ ጎብኚ አርባ ምንጭ ላይ ወርዶ በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካ በመኪና ይጓዝ ነበር። የጂንካ ማረፊያ መደበኛ በረራ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከእነዚህ መንገደኞች ከፊሉ አርባ ምንጭን ሳይረግጥ ያልፋል። ይህም የከተማዋን ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና ባለመኪኖች ይነካል። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን አርባ ምንጭን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ማከፋፈሉ በአንጻሩ አዲስ የመንግሥት ተጓዥ ሊያስገኝ ይችላል፤ ይሁንና ወላይታ ሶዶ በመኪና 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኗ ከዚህ ምልልስ ብዙው በየብስ እንደሚቀር መገመት ይቻላል።

ሌሎች አገሮች የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። በናይሮቢ የዊልሰን ማረፊያ ከዋናው ተለይቶ ለትናንሽ አየር መንገዶች መነሻ ስለሆነ፣ ሳፋሪሊንክና ኤርኬንያ ወደ ማሳይ ማራ የሚበሩት ከዚያ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በረራ ባስጀመረችበት መርሐ ግብር ተጓዥ የሚያንስባቸውን መስመሮች ለጨረታ ታቀርባለች፤ አነስተኛውን ድጎማ የጠየቀ ድርጅት መስመሩን ለሦስት ዓመት ይይዛል፣ ከመቀመጫዎቹም ከፊሉን በተወሰነ ዋጋ ይሸጣል። የሕንዱ አሠራር ለአርባ ምንጭ የሚጠቅመው በድጎማው ብቻ አይደለም፤ ጨረታው መስመሩን በሥራ ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገውን ገንዘብ በአደባባይ በቁጥር ያሳያል። አየር መንገዶች የየመስመራቸውን ሒሳብ ለይተው የማሳተም ልማድ ስለሌላቸው፣ አንድ አጓጓዥ ብቻ ባለበት የበረራ ቁጥር ሲቀነስ ምክንያቱ የተጓዥ ማነስ ይሁን አውሮፕላኑ ወደተሻለ ገቢ መዛወሩ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ለጥናት አመቺው መነሻም ይኸው ነው፦ በአርባ ምንጭ ማረፊያና በመናኸሪያው የሚገኙ ተጓዦችን ጎን ለጎን በመጠየቅ፣ የበረራ ሰዓትና የትኬት ዋጋ ሲለወጥ ስንቱ ከአውቶቡስ ወደ አውሮፕላን እንደሚሻገር መለካት።