ይቅርታ ሌላ፣ ካሣ ሌላ

ጊዜው ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጇ የሚማር አንዲት እናት፣ የሰፋቻቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች በሁለት ማዳበሪያ ጠቅጥቃ ከቤተል ወደ መርካቶ ለመሄድ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ጠራች። ታክሲው ጦር ኃይሎች ሳይደርስ አንድ አይሱዙ ከጎን መጥቶ እሷ የተቀመጠችበትን የኋላ በር ገጨው። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። የስፌት መኪናዋ ደግሞ በእግር የምትረገጥ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከዐሥር ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ስኳርና ቡና ይዘው ቤቷ መጡ። የአይሱዙው ሾፌር የአምስት ልጆች አባት መሆኑን ነገሯት። 15 ሺሕ ብር አቀረቡ፤ አንድ ወረቀትም አወጡ። ወረቀቱ «በዚህ አደጋ ምክንያት ከሾፌሩም ሆነ ከባለንብረቱ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ካሣ አልጠይቅም» ይላል። ባለቤቷ «ቀደር ነው፤ ፈርሚና እንገላገል» አላት። እሷ ግን «ነገ እመልስላችኋለሁ» ብላ ወረቀቱን አስቀረችና እኔን በልጇ አስጠራችኝ። «መምህር፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም «ሰብር አድርጊ፤ ፈርሚ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀደም ብላ ተናገረች፦ «ልጁን እንደሆነ ዐፍው ብዬዋለሁ፤ ወዶ አላደረገውም። ግን መምህር፣ እግሬ ባይድንልኝ ከዚህ በኋላ ማንን ነው የምጠይቀው?» መልስ አልነበረኝም።

ቀደር ማለት ሐቅን መጣል ነውን?

አደጋ በአላህ ውሳኔ እንደሚደርስ እናምናለን። ይሁን እንጂ ይኸው እምነታችን የተጎዳ ሰው ሐቁ እንዲከበርለትም ያዛል። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ፣ በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ለሟች ቤተሰብ ካሣ (ዲያህ) እንዲከፍል ታዟል፤ የሚቀረው ቤተሰቡ በበጎ ፈቃዱ ሲምር ነው። እንግዲህ ልብ እንበል! ስሕተት መሆኑ ካሣውን አላስቀረም። ምሕረቱም የተሰጠው ለባለሐቁ እንጂ ለጎረቤት፣ ለባል ወይም ለሽማግሌ አይደለም። የሚተወውን ሐቅ መጠን ሳያውቅ፣ ሰው ዐይን ዐይኑን እያየው የፈረመ ሰው ምሕረት አደረገ ይባላልን? ተሸማቀቀ እንጂ!

«የኢንሹራንስ ገንዘብስ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ስለ ኢንሹራንስ ውል በዑለሞች ዘንድ ብዙ ውይይት አለ። ተጎጂው ግን ውሉን የተዋዋለ ሰው አይደለም፤ የሚጠይቀው የደረሰበትን ጉዳት ካሣ ነው። ልቡ ያልረጋ ሰው ዐሊም ጠይቆ ይረጋጋ፤ ሳይጠይቅ ግን ሐቁን አይጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

ማታውኑ የተማሪ ወላጅ የሆነ አንድ ጠበቃ ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። የነገረኝን ሁሉም ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል።

አንደኛ፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት፣ በእርቅ ስምምነት የተዘጋ ጉዳይ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ያ ወረቀት ቢፈረም ኖሮ የእግሯ ነገር በ15 ሺሕ ብር ያከትም ነበር።

ሁለተኛ፣ በቁጥር 2081 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው። ሁለት መኪኖች ሲጋጩም፣ በቁጥር 2084 መሠረት ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገመታል፤ ጥፋቱ የአንደኛው ሾፌር ብቻ ወይም በአብዛኛው የእሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ግን ይህ ግምት ይቀራል። ስለዚህ ተሳፋሪው «ጥፋቱ የማን ነው?» እያለ ተጨንቆ ቤቱ መቀመጥ የለበትም።

ሦስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ ተቋቁሞለታል። መድን ሰጪው የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው ጉዳት ከባለንብረቱ ይጠየቃል።

አራተኛ፣ ጊዜ አይጠብቅም። በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የረዘመ ከሆነ ብቻ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። «እስቲ እግሬ ይዳን» እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ ሐቅን ያስቀራል።

ምን እናድርግ?

አደጋ ሲደርስ የትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣና ፕላን ሳያነሳ አንለያይ። የሁለቱንም መኪኖች ታርጋ፣ የመድን ሰጪያቸውን ስም፣ ያዩትንም ሰዎች ስልክ እንመዝግብ። በስልክ የተጠራ ታክሲ ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለው፤ የሾፌሩ ስም፣ ታርጋው፣ ሰዓቱና መነሻው ስልካችን ውስጥ ይቀራል። ሳይጠፋ ፎቶ አንስተን እናስቀምጠው።

የመድኃኒት፣ የራጅና የመመላለሻ ደረሰኝ አንዱም አይጣል። ሕክምናው ሲያበቃ የቀረውን የአካል ጉዳት መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እንጠይቅ፤ የወደፊት ገቢ ማጣት የሚሰላው በዚህ ነውና። ቤት ውስጥ ለሚሠሩ እናቶች «ደመወዝ የለሽም» የሚላቸው አይጠፋም። ዳኛው ግን የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ሲያቅት በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ ሊወስን ይችላል። ዩኒፎርሙን ያሰፉ ደንበኞችም ይመሰክራሉ። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሀ ደንብ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን ማመልከት ይችላል።

ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ሲመለሱ ያቺ እናት ሾፌሩን አስጠርታ በፊታቸው ዐፍው አለችው። ልጁ አለቀሰ። ወረቀቱን ግን አልፈረመችም። «ከእሱ ጋር ቂም የለኝም። ካሣውን የምጠይቀው መድኑንና ባለንብረቱን ነው፤ ከልጆቹ ጉሮሮ አልነጥቅም» አለቻቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቆጥተው ወጡ፤ ባለቤቷም ለሳምንት አኮረፈ።

ነገሩ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። መድን ሰጪው እስከ ጣሪያው ከፈለ፤ የቀረውን ባለንብረቱ ከፍርድ በፊት በስምምነት ጨረሰ። የጠየቀችው ሁሉ አልተሰጣትም፤ ያገኘችው ግን ከ15 ሺሕ ብሩ በብዙ ይበልጣል። በዲናሞ የሚሠራ የስፌት መኪና ገዛችበት፤ አልሐምዱሊላህ። እግሯ በብርድ ጊዜ ዛሬም ያማታል። ሾፌሩ በየዒዱ እየመጣ ይዘይራታል፤ ባለቤቷም ቡና አፍሉለት ይላል።

ውድ አንባብያን! ሽምግልናችን የተከበረ ነው፤ ይኑርልን። ነገር ግን ባለሐቁ ከመፈረሙ በፊት «ሐኪሙ ምን አለ? ሕጉስ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሽምግልና ይሁን። አላህ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን፤ ለተጎዱትም ሺፋውን ያምጣላቸው። አሚን።