በከበሮ ድምፅ ትዘጋ ስለ ነበረችው ከተማ

በቻይና አገር፥ የዛሬዪቱ ሺአን ባለችበት ስፍራ፥ ቻንግ አን የምትባል የነገሥታት ከተማ ነበረች። የሱዊው ንጉሠ ነገሥት ዌን በአውሮፓ አቆጣጠር በ582 ዓመት ማሠራት ጀመሩ፤ ፕላኗንም ዩዌን ካይ የተባለ ሹም አወጣ። ቅጥሯ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 9.7፥ ከሰሜን እስከ ደቡብ 8.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በሰሜን በኩል ካለው ቤተ መንግሥት 150 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎዳና ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ሌሎቹም ቀጥ ያሉ መንገዶች ከተማዪቱን ከ100 በሚበልጡ ሰፈሮች ከፍለዋት ነበር፤ እያንዳንዱም ሰፈር የራሱ ቅጥርና በር ነበረው።

ማታ ከበሮ ሲመታ የሰፈሩ በር ይዘጋል። ከሱዊ በኋላ በነገሡት በታንግ ነገሥታት ሕግ፥ ከዚህ ሰዓት በኋላ በአውራ ጎዳና የተገኘ ሰው 20 ዱላ ይመታ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ቤተሰብን አልዘነጋም፤ ሕመም፥ ሞት ወይም ሰርግ የደረሰበት ሰው የፈቃድ ወረቀት ይዞ ያልፍ ነበር።

እኛም ይህን ስንመረምር፥ የከተማ ደግነት በመንገዷ ቀጥ ማለት ብቻ እንደማይለካ እንረዳለን። ልጇ በሌሊት ለታመመባት እናት በሩን የሚያስከፍት ሕግም ሊኖር ይገባል።