ከቁጥሩ ጀርባ ያለው የካንሰር መድኃኒት

አነስተኛ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሙከራ ላይ የሚገኙ መድኃኒቶቻቸውን በመጀመሪያ የሚጠሩት በፊደልና በቁጥር ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቁጥር ሥር የተሸፈነው ዘወትር አዲስ ግኝት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የቆየ መርዝ በአዲስ ተሸካሚ ላይ ተጭኖ ይገኛል። መርዙን ለይቶ ማወቅ፣ በሙከራው ለመሳተፍ የሚያስብ ሕመምተኛ ምን ዓይነት ጉዳት ሊገጥመው እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት ይረዳል። ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ይገኝ የነበረው ኢሚዩኖጅን ኩባንያ አንዱን መድኃኒቱን አይኤምጂኤን 853 ብሎት ነበር። የመጀመሪያው ፍንጭ የኩባንያው ሙያ ነው። ኢሚዩኖጅን ለብዙ ዓመታት የሠራው መርዛማ ሞለኪውሎችን አንቲቦዲ ከተሰኙ ፕሮቲኖች ጋር በማያያዝ ላይ ነበር። ሁለተኛው ፍንጭ ቆይቶ የተሰጠው የወል ስም ነው፤ ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን። «ማብ» የሚለው ክፍል አንቲቦዲውን ሲያመለክት፣ «ታንሲን» የሚለው መጨረሻ ደግሞ የመርዙን ዘር ይነግረናል፤ እርሱም ማይታንሲን ነው። በተመሳሳይ መንገድ «ዴሩክስቴካን» የሚል ስም ብናገኝ፣ መነሻው ከቻይና ዛፍ የተገኘው ካምፕቶቴሲን መሆኑን እንረዳለን።

የማይታንሲን ታሪክ ደግሞ ወደ አገራችን ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ይህን ሞለኪውል ለይተው ያስታወቁት ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ተክሉ በአማርኛ አጣጥ ከሚባሉት ወገን ነው። አንድ ሴል ሲከፋፈል ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋል። ማይታንሲን የክሮቹ መሥሪያ ከሆነው ቲዩቡሊን ጋር ተጣብቆ ክሩ እንዳይገነባ ያግዳል፤ ሴሉም መከፋፈል ተስኖት ይሞታል።

ሞለኪውሉ ብርቱ ነበር፤ ችግሩ ግን ጤነኛውን ከታማሚው ሴል አለመለየቱ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሰዎች ላይ ሲሞከር ከባድ ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት በማስከተሉ፣ ከዚህም ጋር ጥቅሙ አነስተኛ ሆኖ በመገኘቱ ተተወ።

ወደ ሕክምና የመለሰው የአንቲቦዲ ተሸካሚነት ነው። አንቲቦዲው በካንሰሩ ሴል ገጽ ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ፈልጎ ይይዛል፤ ሴሉ ሁለቱንም ወደ ውስጥ ሲስብ መርዙ ይለቀቃል። በዚህ ስልት የተሠራው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን በ2013 ለጡት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ሴቶች መካከለኛ የሕይወት ዘመን 30.9 ወር ሲሆን፣ በንጽጽሩ ሕክምና የተረዱት ግን 25.1 ወር ነበር። አይኤምጂኤን 853ም በ2022 ለተወሰነ የእንቁላል እጢ ካንሰር ዓይነት ተፈቅዷል። ዛሬ የመርዙ ጥሬ ዕቃ የሚገኘው ከቁጥቋጦው ሳይሆን በማብላያ ጋን ከሚያድጉ ባክቴሪያዎች ነው።

ታዲያ መርዙን ካወቅን ውጤቱንም አወቅን ማለት ነውን? አይደለም። ይኸው ኩባንያ ሎርቮቱዙማብ ሜርታንሲን የተባለውን ሌላ የማይታንሲን ዝርያ ለሳንባ ካንሰር ሲሞክር ቆይቶ በ2013 ጥናቱን አቋርጧል። ጉዳቱም ቢሆን እንደ ተሸካሚውና እንደ ማያያዣው ይለያያል፤ ኤምታንሲን በጉበትና በደም ፕላትሌት ላይ፣ ሶራቭታንሲን ደግሞ በዓይን ላይ በተለይ ያይላል።

እንግዲህ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን መድኃኒት መገመት የሚጠቅመው ተገቢውን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው፤ መርዙ ማን ነው፣ ማን ይሸከመዋል፣ የትስ ይፈታል? መልሱን የሚሰጠው ግን በሕመምተኞች ላይ በጥንቃቄ የተካሄደ ሙከራ ብቻ ነው።